መርማሪው መልሱን ባያገኘው ይሻል ነበር
የወንጀል ምርመራ ታሪክና ጠፈራዊ ፍርሃት በአንድ አጭር ልቦለድ

እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ ምንም የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ጽሑፎች ታተሙ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው «ዊርድ ቴልስ» በተባለ ርካሽ መጽሔት የየካቲት እትም ላይ የወጣው የኤች.ፒ. ላቭክራፍት አጭር ልቦለድ «የክቱሉ ጥሪ» ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኤስ.ኤስ. ቫን ዳይን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ ያሳተመው የ20 ሕጎች ዝርዝር ነው። ቫን ዳይን የወንጀል ምርመራ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ሊጠብቃቸው ይገባል ያላቸውን ሕጎች ሲደረድር፣ ወንጀሉ በተፈጥሯዊ መንገድ ብቻ መፈታት እንዳለበት፣ መናፍስት መሳብና ጥንቆላ የሚባል ነገር ፈጽሞ እንደማይገባበት ደነገገ። በዓመቱ እንግሊዛዊው ሮናልድ ኖክስ የራሱን 10 ሕጎች አወጣ። ሁለተኛው ሕግ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ሁሉ ይከልከል ይላል። ኖክስ እኮ የካቶሊክ ቄስ ነበር! ቄሱ እንኳ በዚህ ጉዳይ ለመንፈስ ቦታ አልሰጠም።

እንግዲህ በሕጉ መሠረት የወንጀል ምርመራ ታሪክና ፈረንጆቹ «ኮስሚክ ሆረር» የሚሉት፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ «ጠፈራዊ ፍርሃት» እያልኩ የምጠራው የአጻጻፍ ዘርፍ አይጋቡም። ሆኖም ተጋብተዋል፤ ልጆችም ወልደዋል። ጋብቻው የሚሰምረው መቼ ነው? የሚፈርሰውስ? ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የሚሰምረው መርማሪው ሥራውን እስከ መጨረሻው በሥርዓቱ ሲሠራና ፍርሃቱ ከዚያው ከማስረጃው ውስጥ ሲወጣ ነው። ደራሲው መሀል መንገድ ላይ ማስረጃውን ጥሎ ወደ ጩኸትና ወደ ጭራቅ ከሮጠ ግን ሁለቱንም ያጣል፤ የምርመራ ታሪኩም ይከሽፋል፣ ፍርሃቱም ያስቃል።

«ይህ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ታሪኮች ዋና ዋናዎቹ ያለ ጋዜጣ አንድ እርምጃ አይራመዱም።

ጋዜጣ አንባቢው መርማሪ

ከመጀመሪያው እንጀምር። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 «የሩ ሞርግ ግድያዎች» የተሰኘውን ታሪክ ሲያሳትም የዘርፉን አጥንት በሙሉ አስቀመጠው ማለት ይቻላል። ፓሪስ ውስጥ በሩ ከውስጥ በተቆለፈ ቤት እናትና ልጅ በአሰቃቂ ሁኔታ ይገደላሉ። ዱፓን የተባለው ብልህ ሰው ጉዳዩን የሚሰማው ከጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የምስክሮችን ቃል አንድ በአንድ አስፍሯል። ጎረቤቶች ከላይኛው ፎቅ አንድ ቀጭን፣ የሚያንባርቅ ድምፅ ሰምተዋል። ሆላንዳዊው ምስክር ተናጋሪው ፈረንሳዊ ነው አለ። እንግሊዛዊው ጀርመን ነው አለ። ስፔናዊው እንግሊዛዊ ነው፣ ጣሊያናዊው ደግሞ ሩሲያዊ ነው አሉ። ልብ በሉ፣ ማንም «የእኔው አገር ሰው ነው» አላለም። ሌላው ሁሉ ምስክሮቹ ተጋጩ ብሎ ሲተወው ዱፓን ግን ከግጭቱ ውስጥ አንድ እውነት ያወጣል፦ አንዳቸውም ቃል አልሰሙም፤ የሰሙት ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ የሰው ያልሆነ ድምፅ መሆኑ ላይ ይደርሳል። ገዳዩ ከባለቤቱ ያመለጠ ኦራንጉታን ነበር። ባለቤቱን፣ ያንን መርከበኛ፣ የሚጠራውም ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነው።

በሪፖርቲንግ ክፍል «የታየውንና የተሰማውን ከአስተያየት ለዩ» የሚባለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ፖ በ1842 እና 43 ተከፋፍሎ በወጣው «የማሪ ሮዤ ምስጢር» ደግሞ ከዚህም አለፈ። በ1841 ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪ ሮጀርስ የተባለች ወጣት አስከሬኗ ሃድሰን ወንዝ ላይ ተገኝቶ ነበር። ፖ ታሪኩን ወደ ፓሪስ አዞረና ዱፓንን ጋዜጦች ፊት አስቀመጠው። ሰውዬው የጋዜጦቹን ዘገባ እያነጻጸረ፣ የአዘጋጆቹን መላምት እየነቀፈ ይመረምራል። እንደ ልቦለድ ከተነበበ ትንሽ ይሰለቻል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ዘልዬ ያለፍኳቸው ገጾች አሉ። እንደ ሚዲያ ትችት ከተነበበ ግን ግሩም ነው።

ከፖ በኋላ ሼርሎክ ሆልምስ መጣ። በ1901 እና 1902 በተከታታይ በወጣው «የባስከርቪል ውሻ» አፉ እሳት የሚተፋ የሚመስል ውሻ አንድን ባላባት ቤተሰብ እያሳደደ ነው ይባላል። መጨረሻው ምንድን ነው? ፎስፈረስ የተቀባ ውሻና ውርስ የፈለገ ዘመድ። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በኋለኛው ዘመኑ ከሙታን መንፈስ ጋር መነጋገር ይቻላል እያለ አገር ላገር እየዞረ የሰበከ ሰው ነው። ሆልምስን ግን ለመናፍስት አሳልፎ አልሰጠውም። አንባቢው ለምን ሆልምስን እንደሚወድ ያውቅ ነበርና! አንባቢው የሚወደው ያ በሌሊት ያስፈራው ነገር በነጋታው በሰው እጅ የተሠራ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማውን እፎይታ ነው። በዚህ ዘርፍ ማወቅ ማለት መዳን ማለት ነው።

ዛርና ጉንዳን

ጠፈራዊ ፍርሃት ከተራ የመናፍስት ታሪክ ይለያል። ልዩነቱን ለመረዳት ወደ አገራችን ዞር ማለት ይጠቅማል። ዛር ሲባል የሰማነውን እናስታውስ። ዛር ስም አለው። የሚወደው ሽቶ፣ የሚፈልገው የዶሮ ቀለም አለው። ይቆጣል፣ ይለመናል፣ ይደራደራል። የሟች መንፈስም ቢሆን በቀል ወይም ተዝካር ይፈልጋል። ሁሉም ያስፈራሉ፤ ግን ሁሉም ያውቁናል። ከእኛ ጋር ጉዳይ አላቸው። ከዚህ አንጻር አስፈሪው ነገር ራሱ የኑሯችን አካል ነው ማለት ይቻላል።

የላቭክራፍት ፍጡራን ግን ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም። መንገድ ላይ የረገጥነው ጉንዳን ጠላታችን እንዳልሆነ ሁሉ እኛም ጠላታቸው አይደለንም። መለመን አይቻልም፤ ለማን ትለምናለህ? ላቭክራፍት በ1890 ፕሮቪደንስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ተወልዶ በ1937 እዚያው ሞተ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ለአካባቢ ጋዜጦች የሥነ ፈለክ ዓምድ ይጽፍ ነበር። ሃይማኖት አልነበረውም። የጻፈውም ኤድዊን ሃብል አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጪ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗን ባሳየበት በ1920ዎቹ ነው። ሰማዩ በድንገት ሰፋ፤ የሰው ልጅ በአንጻሩ አነሰ። ላቭክራፍት ያንን ማነስ ወደ ታሪክ ቀየረው። በእርሱ ዓለም ማወቅ መዳን አይደለም። ሰው እስከ ዛሬ በሰላም የተኛው ያወቃቸውን ቁርጥራጮች ስላልገጣጠማቸው ብቻ ነው።

መርማሪ ማለት ደግሞ ሥራው ቁርጥራጭ መገጣጠም የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ዘርፎች የሚላተሙትም፣ የሚጋቡትም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፋይል፣ ሦስት ምንጭ

«የክቱሉ ጥሪ» ብዙ ሰው የሚያውቀው ጭንቅላቱ ኦክቶፐስ በሚመስለው ጭራቅ ሥዕል ነው። ታሪኩን የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ወረቀት ነው። ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የመርከበኛ የእጅ ጽሑፍ። ተራኪው ተርስተን የተባለ የቦስተን ሰው ነው። ታላቅ አጎቱ፣ የጥንት ቋንቋዎች ፕሮፌሰር የነበሩት ኤንጀል፣ በ1926–27 ክረምት አንድ መርከበኛ ከገፈተራቸው በኋላ በድንገት ይሞታሉ። ተርስተን ወራሽ ነውና ወረቀታቸውን ሲያገላብጥ የተቆለፈ ሣጥን ያገኛል። ታሪኩ ከዚህ ሣጥን በሦስት ክፍል ይወጣል።

በመጀመሪያው ክፍል አንድ ወጣት ቀራጺ በ1925 መጋቢት መጀመሪያ በሕልሙ ያየውን ነገር በሸክላ ቀርጾ ለፕሮፌሰሩ ያመጣል። ፕሮፌሰሩ ምን አደረጉ? አልጮኹም። መጠየቅ ጀመሩ። ለሚያውቋቸው ሰዎች ደብዳቤ ላኩ፣ በእነዚያ ቀናት ምን አለማችሁ አሉ። ከየአገሩ የጋዜጣ ቁራጭ የሚሰበስብ ድርጅት ቀጠሩ። ነጋዴውና ሹሙ ያለሙት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ግን በተመሳሳይ ሌሊቶች ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ጋዜጦቹ ደግሞ ከተለያየ አገር ድንጋጤና ሁከት ይዘግባሉ። እያንዳንዱ ዜና ብቻውን የጋዜጣ መሙያ ነው፤ ማንም አንብቦ የሚረሳው። አንድ ሣጥን ውስጥ ሲከማቹ ነው የሚያስፈሩት።

በሁለተኛው ክፍል ሌግራስ የተባለ የኒውኦርሊንስ ፖሊስ ኢንስፔክተር ይመጣል። በ1907 ረግረግ ውስጥ የሚሰበሰብ አንድ የአምልኮ ቡድን ላይ ወረራ አካሂዶ አንድ ትንሽ ሐውልት ይዟል። በ1908 ሐውልቱን ይዞ አርኪዮሎጂስቶች የተሰበሰቡበት ጉባኤ ይሄዳል። ይህ ኢንስፔክተር ደስ የሚል ሰው ነው። ምሥጢር አይወድም፤ የሚፈልገው ወንጀለኞቹን መለየት ብቻ ነው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በ1860 ግሪንላንድ ውስጥ ያንኑ የመሰለ ነገር ማየቱን፣ ያንኑ ቃል መስማቱን ይናገራል። ከዚያ ከቀራጺው የ1925 ሸክላ ጋር አነጻጽሩት።

ሦስተኛውን ክፍል ስደርስ ነው «ይሄ ሰውዬ ጋዜጠኛ መሆን ነበረበት» ያልኩት። ተርስተን ኒውጀርሲ ውስጥ አንድ ሙዚየም ሲጎበኝ፣ መደርደሪያ ላይ ድንጋዮች ሥር የተነጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ያያል። የሲድኒ ጋዜጣ ነው፤ የ1925 ሚያዝያ 18 እትም። ዜናው አንድ መርከብ ባሕር ላይ ተጎትቶ መምጣቱን፣ ውስጡ አንድ በሕይወት ያለና አንድ የሞተ ሰው መገኘቱን ይናገራል። ቀኖቹ ከቀራጺው ሕልም ጋር ይገጥማሉ። ተርስተን የቀን መለወጫ መስመሩን እንኳ አስልቶ ነው የሚያገጣጥማቸው! ከዚያ ኒውዚላንድ ይሄዳል፣ ሲድኒ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ኦስሎ ሄዶ የተረፈውን መርከበኛ ቤት ያንኳኳል። ጥቁር የለበሰች ሴት በሩን ትከፍታለች። ባልየው ከመስኮት በወደቀ የወረቀት ጥቅል ተመትቶ ሞቷል። ትቶት የሄደው የእጅ ጽሑፍ ግን አለ፤ ሚስቱ እንዳታነበው በእንግሊዝኛ የጻፈው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ዜና ከመታመኑ በፊት በሁለተኛ፣ ቢቻል በሦስተኛ ምንጭ ይረጋገጥ ተብለን ተምረናል። ምንጮቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ አንዱ ከሌላው ያልቀዳ መሆን አለባቸው። ላቭክራፍት ያደረገው ይህንኑ ነው። ቀራጺው ኢንስፔክተሩን አያውቅም፤ ኢንስፔክተሩ መርከበኛውን አያውቅም፤ መርከበኛው ማንንም አያውቅም። ተርስተን ራሱ ሲጀምር ተጠራጣሪ ነው፣ ወጣቱ ቀራጺ አጎቴን አታሏቸዋል ብሎ ነው የተነሣው። በተለመደው የምርመራ ታሪክ ሁለተኛው ምንጭ ሲያረጋግጥ ደስ ይለናል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ማረጋገጫ አንድ የመውጫ በር ይዘጋል። «ውሸታም ነው» የሚለው በር ተዘጋ። «አጋጣሚ ነው» የሚለው ተዘጋ። «እብድ ነው» የሚለውም ተዘጋ። አንባቢው ሦስተኛው ምንጭ ባይገኝ ብሎ ይመኛል። የዘርፎቹ ጋብቻ ማለት ለእኔ ይህ ምኞት ነው።

ጭራቁ ራሱ ስንት ገጽ ቢያገኝ ጥሩ ነው? ጥቂት። ያውም ከሞተ ሰው ማስታወሻ፣ በተርስተን አጠር ተደርጎ። እኛ ደግሞ ተርስተንም ራሱ መሞቱን ከታሪኩ ራስጌ እናውቃለን፤ ፋይሉ እጃችን የገባው ከሟች ወረቀት መሀል ነው። መርማሪው ሰንሰለቱን አገጣጠመ፣ ሰንሰለቱ እርሱንም ጨመረው።

ፍርዱ ከማስረጃው ሲቀድም

ይኸው ደራሲ ይህን ጋብቻ አበላሽቶታልም። በ1927 ዊርድ ቴልስ ላይ የወጣው «የሬድ ሁክ ሽብር» ማሎን የተባለ የኒውዮርክ ፖሊስ መርማሪ አለው፤ ሬድ ሁክ በብሩክሊን የሚገኝ፣ በዚያን ጊዜ የስደተኞች መኖሪያ የነበረ ሠፈር ነው። በወረቀት ደረጃ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። መርማሪ አለ፣ የጠፉ ሰዎች አሉ፣ ምሥጢራዊ ሽማግሌ አለ። ታሪኩ ግን አይሠራም። ምክንያቱም ማስረጃ የለውም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሠፈሩ ጥፋተኛ ነው። የጥፋቱ ማረጋገጫ ነዋሪዎቹ መጤ መሆናቸው፣ መልካቸው፣ ቋንቋቸው ነው። ላቭክራፍት ታሪኩን ሲጽፍ ኒውዮርክ ይኖር ነበር፤ ስደተኞቹን ይጠላ ነበር፤ ጥላቻውን ደግሞ ፍርሃት ብሎ ሸጠልን። በ«ክቱሉ» ውስጥም ረግረጉ ውስጥ የተያዙት ሰዎች የተገለጹበት አንቀጽ ይኸው ነውር አለበት፤ የእኛን መልክ የያዘ አንባቢ ያንን ገጽ በሰላም አያልፈውም።

አንዳንዱ «ዘመኑ ነው፣ ይታለፍ» ይላል። እኔ ግን ነገሩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሙያ ጉድለትም ነው እላለሁ። ዱፓን የምስክሮቹን ግምት ከሰሙት ነገር ለየ፤ «የባዕድ ሰው ድምፅ ነው» የሚለውን ፍርድ አልተቀበለም። የማሎን ታሪክ ደግሞ ከዚያው ፍርድ ይነሣል። ባዕድ ነው፣ ስለዚህ አደገኛ ነው። ይህ ምርመራ አይደለም፣ ሐሜት ነው።

መልሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2016 ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ቪክተር ላቫል «የብላክ ቶም ባላድ» በሚል ርዕስ የሬድ ሁክን ታሪክ ከአንድ የሐርለም ወጣት ወገን ሆኖ እንደገና ጻፈው። ከአጭር ልቦለድ ረዘም ይላል፤ ግን ሳይነሣ አይታለፍም። ማሎን እዚህም አለ። አብሮት የሚዞረው አንድ የግል መርማሪ የወጣቱን አባት ቤታቸው ውስጥ ተኩሶ ይገድላቸዋል፤ የያዙት ጊታር ጠመንጃ መሰለኝ ይላል። ጥይቱን ጨርሶ እንደገና ጎርሶ ነው የተኮሰው። ይህንን ለልጁ የሚነግሩት እንደ ተራ ሪፖርት፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ግድ የለሾቹን የጠፈር ኃይሎች ለመጥራት መወሰኑ አያስገርምም። እርሱን የማያውቁት፣ የማይጠሉትም ፍጡራን ከሚያውቁትና ከሚጠሉት ሰዎች ተሻሉት። ላቫል ያንን የጉንዳን ፍርሃት አዙሮ የሰው ጭካኔ መለኪያ አደረገው።

አረንጓዴው ደም

እስካሁን ያየነው መንገድ ዓለም የተለመደችው ዓለም ሆና ምርመራው ሽፋኗን የሚገልጥበት ነው። እንግሊዛዊው ኒል ጌይማን ሌላ መንገድ ሄደ። በ2003 ሼርሎክ ሆልምስን ከላቭክራፍት ዓለም ጋር በሚያገናኝ መድበል ውስጥ «ጥናት በአረንጓዴ» ሊባል የሚችል ታሪክ አሳተመ። ርዕሱ በ1887 ሆልምስ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣበት፣ «ጥናት በቀይ» ልንለው በምንችለው መጽሐፍ ላይ የተሠራ ጨዋታ ነው። በ2004 የሁጎን ሽልማት በአጭር ልቦለድ ዘርፍ አገኘ። ያላነበባችሁት ብትኖሩ የሚቀጥሉትን ሁለት አንቀጾች ዝለሏቸው፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።

ከአፍጋኒስታን ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ለንደን ቤከር ጎዳና ከአንድ አማካሪ መርማሪ ጋር ቤት ይጋራል። ኢንስፔክተር ሌስትሬድ ይመጣል፤ የንጉሣውያን ዘር የሆነ ሰው ተገድሏል። ግድግዳው ላይ «ራኸ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ በጀርመንኛ በቀል ማለት ነው። የሆልምስ አንባቢ ይህን ሁሉ በልቡ ያውቀዋልና ዘና ብሎ ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ ልክ አይደለም። ደሙ አረንጓዴ ነው። ማንም ደግሞ በደሙ ቀለም አልተገረመም! ቀስ እያልን እንረዳለን፦ እነዚያ የጠፈር ፍጡራን ከ700 ዓመት በፊት መጥተው ዓለምን ገዝተዋል፤ ንግሥቲቱም ከእነርሱ አንዷ ናት። ሕዝቡ ለምዶታል። በየክፍሉ ራስጌ የሚገኙት ማስታወቂያዎች ሳይቀሩ በጋዜጣ ቋንቋ የዚያን ዓለም ዕቃ ይሸጣሉ። ዓለም ስትገለበጥ የሚያሳየው ዋናው ዜና ሳይሆን ማስታወቂያው መሆኑ፣ ማስታወቂያ ዓምድ ለማያነቡ ወዳጆቼ ይድረስልኝ።

መርማሪው ገዳዮቹን በትክክል ይደርስባቸዋል። አንዱ ረጅም ተዋናይ፣ ሌላው የሚያነክስ ሐኪም። ያመልጡታል። ከተውት ደብዳቤና ከተራኪው ፊርማ ነው ጉዱ የሚወጣው። ወንጀለኞቹ ሆልምስና ዋትሰን ነበሩ። የወደድነው «መርማሪ» የሆልምስ ጠላት ሞሪያርቲ ነው፤ ወታደሩም የእርሱ ቀኝ እጅ ሞራን። አመክንዮው አልተሳሳተም። ማስረጃው አልተሳሳተም። ማስረጃው የሚያገለግለው ማንን እንደሆነ ግን አንባቢው እስከ መጨረሻ ድረስ አልጠየቀም። እዚህ ላይ የሚያስፈራው የንግሥቲቱ መልክ አይደለም፤ እኛ ከወራሪዎቹ ፖሊስ ጎን ተሰልፈን ቀጣዩን ፍንጭ በጉጉት መጠበቃችን ነው።

ለመጻፍ ለምትሞክሩ

አብዛኛው የጀማሪ ጽሑፍ ችግር ጭራቁ መቸኮሉ ነው። ዊልያም ሆፕ ሆጅሰን ከ1910 ጀምሮ ባሳተማቸው የካርናኪ ታሪኮች አንድ ጥሩ ዘዴ ትቶልናል። ካርናኪ መናፍስት አለባቸው የሚባሉ ቤቶችን የሚመረምር ሰው ነው። አንዳንዱ ታሪክ ላይ መንፈሱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ላይ የአታላይ ሥራ ነው፤ አንዱ ላይ ደግሞ አታላዩ ከተያዘ በኋላ እውነተኛው ይመጣል። አንባቢው የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ሽቦውንና ወለሉን ከካርናኪ ጋር አብሮ ይፈትሻል። እናንተም ለምክንያታዊው መልስ እውነተኛ ዕድል ስጡት። ዝም ብሎ ለይምሰል የቀረበ ተጠራጣሪ አያሳምንም።

ሌላው የማስረጃው ተራነት ነው። የሲድኒው ጋዜጣ የተገኘው በወርቅ ሣጥን አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ተነጥፎ ነው። እኛ አገር ይህ ምንም አይቸግርም። ለውዝ በአሮጌ ጋዜጣ ጥቅልል ይሸጥልን የለም እንዴ? እስቲ በዚያ እንሞክር። አንዲት የጋዜጣ ቤት ማኅደር ሠራተኛ ለውዝ በልታ ስትጨርስ ጥቅልሉን ትዘረጋዋለች። የሐዘን ማስታወቂያ ነው፤ ቤተሰቡ በቀብሩ ለተገኙት ምስጋና ያቀርባል። ከሟቹ ፎቶ ጀርባ አንድ ሰማያዊ በር ይታያል። ቁራጩ ባለ ቀለም ስለሆነ ነው ያስተዋለችው፤ በሩን ሌላ ቦታ አይታዋለች። ማኅደር ገብታ ስትፈልግ የዛሬ 6 ዓመት የወጣ የሌላ ቤተሰብ ማስታወቂያ ታገኛለች፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሟች፣ ያው በር።

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ቀላል ነው፦ ሁለቱም የተነሡት አንድ ፎቶ ቤት ሲሆን በሩ የተሳለ መጋረጃ ነው። ደራሲው ይህንን መልስ ሊወደው ይገባል። ልጅቷ ፎቶ ቤቱን ትፈልገው፣ ታግኘው፣ ባለቤቱን ታነጋግር። እርሳቸውም «አዎ የኔ ልጅ፣ መጋረጃው የኔ ነው» ይበሏት፤ አንባቢ እፎይ ይበል። ከዚያ መቼ እንዳሣሉት ትጠይቃቸው። የሚነግሯት ዓመት ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ይሁን። ሠዓሊው ከየት አይቶ እንደሳለው ስትጠይቅ ከአንድ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ነው ይበሏት። እዚህ ድረስ አንድም ጭራቅ የለም፤ ያለው የቀን ስሌት ብቻ ነው።

ወደ ማኅደሯ ተመልሳ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው በቆየው ፎቶ ላይ በሩ ዝግ ነው፤ በቅርቡ ላይ ገርበብ ብሏል። ሦስተኛውን ማስታወቂያ የምታገኘው በነገው እትም ገጽ ላይ፣ ገና ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሄድ ነው። በዚያኛው ፎቶ ላይ በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ መግለጽ አያስፈልግም። ልጅቷ ገጹን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ትድፋውና፣ ስልክ አንስታ የቤተሰቡን ቁጥር መደወል ትጀምር።